ማፍሰስ የሚችል ይሙላ

ደሴ ላይ የታሸገ ሃይላንድ ገዝቶ በጉጉፍቱ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው ውሃውን ሳይከፍት ከያዘው፣ ጉጉፍቱ ላይ ፕላስቲኩ ተወጥሮ ያገኘዋል። እዚያው ተጎንጭቶ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ከመለሰው ደግሞ ወደ መካነ ሰላም ሲወርድ ጎኑ ስርጉድ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መካነ ሰላም ተመልሶ ወደ 2,600 ይወርዳል። ተሳፋሪው ለምዶታል፣ ዞር ብሎም አያይ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ያላቸው ደንበኞቼ «ውሃው እንዳለ ብናጓጉዘውስ?» ሲሉኝ ግን የምሰጣቸው መልስ ይህችው ሃይላንድ ናት። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ማሽን ነገሩ ይብሳል። ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፣ ከዚያ ወሎን እንደገና ይወጣል። ከሸዋ ሮቢት ጉጉፍቱ እስኪደርስ የአየሩ ግፊት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። በቆላ የተዘጋ ታንክ ደጋ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። መውጫው የላላች ኦሪንግ ናት፤ ከኦሪንጓ ስር ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርድ አለ።

ይህን ሙያ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ መሙላቱ ላይ ነው ጊዜ የሚያጠፉት። ባለቀለም ውሃ በጠራ ቱቦ ሲዞር ያምራል፣ መብራት ሲበራበት ደግሞ የበለጠ ያምራል። ማፍሰሱ ቶሎ ታይቶ ይታለፋል። እኔ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ሱቄ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነው። ማሽን ሲሞላ ብዙም አይበላሽም። የሚበላሸው «ባዶ ነው» ተብሎ ሲፈታ ነው።

ለማያውቀው አሠራሩን ላስረዳ። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ የመዳብ ብሎክ ይታሰራል፤ በሆዱ ከአንድ ሚሊ ሜትር የጠበቡ ቦዮች አሉት። ፓምፕ ውሃውን ከታንክ ስቦ በብሎኮቹ ያሳልፈዋል፣ ሙቀቱን የያዘው ውሃ ራዲያተር ይገባል፣ ፋን ይነፍስበታል፣ ወደ ታንኩ ይመለሳል። የአይሱዙ መካኒክ ቢያየው ምንም አይገርመው። ዝምድናውም የሥጋ ነው፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተራቸውን ቤታቸው ውስጥ በውሃ ማቀዝቀዝ የጀመሩ አሜሪካውያን አማተሮች ከአሮጌ መኪና የተፈታ የካቢን ማሞቂያ ራዲያተር ነበር የሚጠቀሙት፤ የፖንቲያክ ቦንቪል ማሞቂያ እየታደነ ይገዛ ነበር። ትልልቆቹ ማሽኖች ዘንድማ ቀድሞም ነበር፤ የአይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 91 በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውሃ ነበር የሚቀዘቅዘው።

አሁን ወደ ሥራው። ደንበኛዬ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ደሴ ላይ ትንሽ ስቱዲዮ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ መንዙማ ይቀዳሉ፣ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራሉ። ማሽኑን ዘመድ ነው ከውጭ የላከላቸው፣ ከነውሃ ማቀዝቀዣው። ስቱዲዮውን ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መካነ ሰላም ሊያዛውሩ ነው፤ እኔም የአካባቢው ልጅ ስለሆንኩ ሥራው ወደኔ መጣ። የማሽኑን ኬዝም ልንቀይር ነው፤ መቀየሩ ግን ከጉዞው ጋር አልተያያዘም። ምክንያቱ ጩኸት ነበር። መንዙማ ድምፅና ድቤ ነው፤ አንጎራጓሪው ዝቅ ሲል፣ ትንፋሹ ብቻ ሲቀር፣ ማይኩ ከኋላ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። «ወላሂ፣ ይህ ነገር ከድቤው በላይ ነው የሚጮኸው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። አሮጌው ኬዝ ጠባብ ነው፣ የሚይዘው ባለ 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር አንድ ብቻ፣ ሁለቱ ፋኖች በሙሉ ኃይላቸው ይዞራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውሃ ሙቀት አያጠፋም፣ ይሸከማል እንጂ። ተሸክሞ የሚያደርሰው ለአየሩ ነው፤ የእኛ አገር ደጋ አየር ደግሞ ስስ ነው። መካነ ሰላም ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ይቀላል። ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ ያንኑ ያህል መጠን ቢነፍስም የሚያነሳው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ታዲያ ደጋ ለኮምፒውተር መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ ብርዱ ይክሳል። ቺፑ 70 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ክፍሉ 18 ዲግሪ ከሆነ በመካከላቸው 52 ዲግሪ ልዩነት አለ። ባሕር ጠለል ላይ ክፍሉ 30 ከሆነ ልዩነቱ 40 ነው። የ52 ሦስት አራተኛ 39 ነው። ስሱ አየር የወሰደውን ቅዝቃዜው መልሶ ይሰጠናል ማለት ነው፤ መካነ ሰላም ላይ ያለ ማሽን የባሕር ጠረፍ ከተማ ላይ ካለው እኩል ይቀዘቅዛል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ፣ በተለይ ጸጥታን የሚፈልግ፣ የራዲያተሩን ስፋት መጨመር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሰፊ ኬዝ ያስፈልጋል። በአዲሱ ኬዝ አሮጌው ራዲያተር ከፊት ሆኖ ባለ 360 ሚሊ ሜትር ከላይ ተጨመረ። 288 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው ፊት 720 ሆነ። ፋኖቹ አሁን ቀስ ብለው ይዞራሉ።

«አብሽር፣ በእቅፌ ይዤው እወጣለሁ፣ ውሃው ይቆይ» ብለው ነበር ጋሼ ከጉዞው በፊት። ሃይላንዱን ነገርኳቸው። ጉጉፍቱ ላይ መኪና ተበላሽቶ ቢያድርስ ብዬም ጠየቅኳቸው፤ የጉጉፍቱን ውርጭ ከኔ የበለጠ ያውቁታል። ውሃ ሲረጋ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፣ የራዲያተር ስስ ቦይ ይህን አይችልም። ዝም አሉና «እንግዲያው አፍስሰው» አሉ።

ማፍሰስ እንዲህ ነው። ገመዱን ነቅዬ ማብሪያውን እጫናለሁ፣ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። በየፊቲንጉ ስር ሶፍት አነጥፋለሁ። ጨርቅ ጠብታውን ውጦ ይደብቃል፣ ሶፍት ግን ወዲያው ይመሰክራል። ከዚያ የታንኩን የላይ ክዳን መጀመሪያ አላላለሁ። የታችኛውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃው እምቢ ሲለው ፊቲንጉን በፒንሳ መነቅነቅ የሚጀምር ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ከላይ አየር ካልገባ ከታች ውሃ አይወጣም። የላይኛው ክፍት ሲሆን አውራ ጣቴን አፉ ላይ አደርጋለሁ። ጣቴን ስጫን ከታች ያለው ፍሰት ይቆማል፣ ሳነሳ ይወርዳል። ማፍሰሻ ቧንቧ የሌለው ማሽን ላይ ያለኝ ቧንቧ አውራ ጣቴ ነው፤ ጆጉ እስኪቀየር፣ ጎማው እስኪስተካከል ውሃውን ያቆምልኛል።

የሚወጣውን በቁጥር ባለው ጆግ እለካለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ያለሱ አልሠራም። እንዲህ ያለ ማሽን ከ800 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ይይዛል፤ መጀመሪያ በራሱ ፈስሶ የሚቆመው ከዚያ ሁለት ሦስተኛ ገደማው ነው። ዓይን «አለቀ» ይላል፣ ጆጉ «አላለቀም» ይላል። ቀሪው ራዲያተሩ ውስጥ ተኝቷል፣ የብሎኮቹ ሆድ ውስጥ አለ፣ የፓምፑ ጉያ ውስጥ አለ። ኬዙን ወደ ፊት እደፋለሁ፣ ወደ ኋላ፣ በየጎኑ፤ በእያንዳንዱ መድፋት ትንሽ ይመጣል። ከዚያ በኳስ መንፊያ ቀስ አድርጌ እነፋለሁ። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የሚያምራቸው አሉ፤ አይሆንም። የጎማ መንፊያ ግፊት ለዚህ ዕቃ እጅግ ይበዛል፣ ዘይትም ይዞ ይገባል። የመጨረሻውን ከፋርማሲ በተገዛ ስሪንጅ እስባለሁ። ብሎኩን ስፈታ አፎቹ ሁልጊዜ ወደ ላይ ናቸው፣ ወዲያውም በቡሽ እደፍናቸዋለሁ። ራዲያተሩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ፤ የውሃ ድምፅ እስካለ ድረስ ወደ ጆጉ እመለሳለሁ።

የወጣው ውሃም ይነበባል። ጆጉን ወደ መስኮት ይዤ አየዋለሁ፣ አሸተዋለሁ። ሰማያዊ አረንጓዴ ጥላ ካለው መዳቡ እየተበላ ነው። ሙልጭልጭ ብሎ የኩሬ ሽታ ካለው በውስጡ የበቀለ ነገር አለ። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከታች ከቀረ የብሎኩ ኒኬል እየላጠ ነው። ነጭ፣ በጣት ሲነካ ሰም የሚመስል ቅባት ደግሞ ከጎማው የወጣ ማለስለሻ ነው፤ የብሎኩን ቦዮች የሚደፍነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የጋሼ ማሽን ይህ የመጨረሻው ነበረበት። ብሎኩን ከፍቼ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ሳጸዳው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ቦዮች ተደፍነው ነበር። ለካ ፋኖቹ የሚጮኹት በራዲያተሩ ጠባብነት ብቻ አልነበረም።

ተጨማሪውን ራዲያተር ስገዛ ማንም የማይነግረኝን ነገር ራሴ አጣራሁ። ርካሽ ራዲያተሮች አሉሚኒየም ናቸው፣ ብሎኩ መዳብ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ቀለም ተቀብቶ ስለሚመጣ በዓይን አይለይም። ማንም በማያየው ጥግ በመርፌ ጫር አደርጋለሁ፦ ቢጫ ወይም ቀይ ከወጣ ይገባል፣ ነጭ ከወጣ ለነጋዴው ይመለሳል።

ጎማ ለማግኘት የኮምፒውተር ሱቅ መዞር ከንቱ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚጠብቁበት የጠራ ጎማ አለ፤ የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነውን አስመርጬ በፋሸታ አስራለሁ። ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ያ ነጭ ቅባትም ከእሱ ይወጣል፤ ስለዚህ በዓመት ይቀየራል ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ። የድሮውን ጎማ ለአዲሱ ኬዝ ማዋል ግን አልወድም። ጎማ የሚቆረጠው ለኬዙ ነው፤ አጥሮ የተወጠረ ፊቲንጉን ወደ ጎን ይስባል፣ ረዝሞ የታጠፈ ፍሰቱን ያንቃል።

ውሃው የባትሪ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚያስቀረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። የመኪና ዕቃ ሱቆች ይሸጡታል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ነገር ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ አንዳንዴም በተመሳሳይ ጄሪካን፣ የባትሪ አሲድ ይቀመጣል። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ አልገዛም፤ ጥርጣሬ ካለኝም ትንሽ በብርጭቆ ቀድቼ የዳቦ ሶዳ ጣል አደርግበታለሁ። ከተንቸከቸከ አሲድ ነው። በባትሪ ውሃው ላይ አንድ አሥረኛ ያህል የመኪና ኩላንት እጨምራለሁ፤ ዝገትን ለመከላከል ይረዳል። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ልጆች ባሉበት ቤት የተረፈውን ይዤው እሄዳለሁ።

መካነ ሰላም ላይ ስንገጥም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ወሬ ሰምተው መጡ። አንዱ ጎበዝ ልጅ ተከራከረኝ፦ ውሃው ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ግራፊክስ ካርዱ ከመግባቱ በፊት በራዲያተር ማለፍ የለበትም ወይ? ብዙ ሰው እንደሱ ያስባል፤ ለዚያ ሲሉም ጎማውን ኬዙ ውስጥ ያንከራትቱታል። ወረቀት ላይ አሰላነው። ማሽኑ 400 ዋት ሙቀት ቢያወጣ፣ ፓምፑ በደቂቃ 4 ሊትር ቢገፋ፣ ውሃው ሁሉንም አልፎ ሲወጣ ከገባበት በአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው የሚሞቀው። በማንኛውም ቅደም ተከተል ቢዞር ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የማይዛነፈው ሌላ ነው፦ ታንኩ ከፓምፑ በላይ ሆኖ በቀጥታ ወደ አፉ መፍሰስ አለበት። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ያው የሚገፋው ውሃ ነው፣ ደርቆ ከዞረ ራሱን ይበላል።

ውሃ ከመግባቱ በፊት በአየር መፈተን አለበት። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ውጭ አገር ይሸጣል፤ እኔ የምጠቀመው የደም ግፊት መለኪያ ነው፣ እጅ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ተነቅሎለት። ከታንኩ ክዳን ጋር አገናኝቼ እስከ 250 እነፋለሁ፤ ይህ የከባቢ አየር አንድ ሦስተኛ ግፊት ነው፣ ዕቃውን አይጎዳም። ከዚያ መርፌው ባለበት ከቆመ፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪቀርብ ከቆመ፣ ውሃ ይገባል። ከወረደ በሳሙና አረፋ እፈልጋለሁ። ፀሐይ በመስኮት ማሽኑ ላይ ከወደቀች ግን መርፌውን አትመኑት፤ የሞቀ አየር ግፊቱ ስለሚጨምር ማፍሰሱን ይሸፍናል። ይህን ፈተና ንቀው የሚያልፉትን አልረዳቸውም። አፕል በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ፓወር ማክ ጂ5 እንኳ ከዓመታት በኋላ በማንጠባጠብ ነው ስሙ የሚነሳው።

ለመሙላት ማዘርቦርዱ መብራት አያገኝም። ከፓምፑ በቀር የፓወር ሰፕላዩን ሶኬቶች ሁሉ ነቅዬ፣ በትልቁ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ክሊፕ አገናኛለሁ፣ ፓምፑ ብቻ ይነሳል። ታንኩ እየጎደለ እጨምራለሁ፣ ኬዙን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘነብላለሁ። አየር ከራዲያተር የሚወጣው ፓምፑ ሲቆምና ሲነሳ ነው፤ ሲቆም አረፋው ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ሲነሳ ይገፋል። በዚያ ቀን ይህን ሥራ መብራት ኃይል ሠራልኝ። ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ፤ ሲመጣ በጎማው ውስጥ የአረፋ ጭፍራ ወደ ታንኩ ይጎርፋል። መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲያልቅ ጋሼ ማይኩን ከፍተው በጆሮ ማዳመጫ አዳመጡ። ረክተዋል። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ማሽን አልመክርም። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጨዋታም ቢሆን በእኛ ደጋ በአየር የሚሠራ ትልቅ ማቀዝቀዣና ሁለት ጥሩ ፋን ይበቃል፤ ማንጠባጠብ የለ፣ በዓመት መፈታት የለ። ውሃ የሚያስፈልገው ዝምታን ለሚሸጥ ሰው ነው፣ እሱም አጠገቡ ማፍሰስ የሚችል ሰው ካለው።

ስለዚህ የጋሼን ልጅ ጠራሁትና «በል አፍስሰው» አልኩት። ጋሼ ተቆጡ፦ «እየሠራ? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» «በዓመቱ ጎማው ሲቀየር እኔ ላልኖር እችላለሁ፣ መንገዱም ላይከፈት ይችላል፤ አሁን እኔ ባለሁበት ይሞክረው» አልኳቸው። ልጁ ገመዱን ነቀለ፣ ሶፍት አነጠፈ፣ እጁ ወደ ታችኛው ማፍሰሻ ሄዶ ተመለሰና የላይኛውን ክዳን አላላ። አውራ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ደፋ፣ አዘነበለ፣ ነፋ። እኛ ያስገባነው 1,100 ሚሊ ሊትር ነበር፣ ጆጉ ላይ የወጣው 1,020።

«ቀሪውስ?» አልኩት።

የላይኛውን ራዲያተር ብሎን ለመፍታት ካቻቢቴ እየፈለገ ነበር።